ስለ ባንክ ፈተና ቀን ያላችሁን ጥያቄ አምጡ፣ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ እየመለስኩ ነው

ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ብዙዎቻችሁ የባንክ የቅጥር የጽሑፍ ፈተና አለባችሁ፣ ኢንቦክሴም በዚሁ ነገር ሞልቷል፣ አንድ ባንድ ከምመልስ እዚህ ብንጨርሰው ለሁሉም ይጠቅማል ብዬ ነው። ስለ እኔ ባጭሩ፣ ከተመረቅኩ በኋላ ከአንድ አመት በላይ ስራ ፈልጌያለሁ፣ ሰባት ቦታ ተፈትኜ ስድስቱ ጋር አላለፍኩም፣ በሰባተኛው ቴለር፣ መስኮት ላይ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ ማለት ነው፣ ሆኜ ገባሁ። አሁን ሰው ሃይል ክፍል ነኝ፣ አራት አመት ሆነኝ ስፈትንና ኢንተርቪው ላይ ስቀመጥ። የየትኛው ባንክ እንደሆንኩ አትጠይቁኝ፣ የፈተና ጥያቄም አልሰጥም፣ ከዛ ውጪ የማውቀውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ብሮ፣ በኢሜይል የደረሰኝ ጥሪ "8:00" ይላል። ጠዋት ነው ከሰአት?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛ ከተጻፈ ጠዋት 2 ሰአት ማለት ነው። ከጎኑ ኤኤም ይላል ፒኤም ይላል እሱን እይ፣ ምንም ካላለ በጥሪው ላይ ያለው ቁጥር ደውለህ ጠይቅ፣ አያሳፍሩህም አይቆጡህም። ይሄን ቀላል ነገር አታርገው። አንድ ጊዜ ስፈትን ወረቀት ሰብስበን ፖስታውን እያሸግን እያለ አንድ ልጅ ከቀኑ 7 ሰአት ተኩል ላይ በሩ ጋ መጣ፣ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ዶክመንቱን በፕላስቲክ ይዞ፣ ከደብረ ብርሃን ነው የመጣው፣ ፈተናው 8 ሰአት መስሎት ግማሽ ሰአት ቀድሞ መድረሱ ነው በሱ ቤት። ምንም ላደርግለት አልቻልኩም፣ ደንቡ አይፈቅድም። ያ ልጅ ፈተናውን አልወደቀም እኮ፣ ጭራሽ አልተፈተነም። ቀኑንም እንደዛው እዩ፣ ሴፕቴምበር 14 ሲል ባብዛኛው አመት መስከረም 4 ነው፣ ካላንደሩን ራሳችሁ ቀይሩት፣ ሌላ ሰው ባለው አትተማመኑ።

ጥያቄ፦ ምን ምን ይዤ ልሂድ?

መታወቂያ ኦሪጅናል፣ የቀበሌም ይሁን ፋይዳ ፓስፖርትም ቢሆን፣ ብቻ ስሙ ካመለከትሽበት ስም ጋር በፊደል አንድ ይሁን። በአንዱ ላይ "ተስፋዬ" በሌላው "ተስፋየ" የሚል ካለ በር ላይ ክርክር ነው፣ ክርክሩ ባይጎዳሽ እንኳን ልብሽን ይረብሸዋል። ዲግሪሽ ገና ካልተሰጠሽ ቴምፖራሪውን፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የኮስት ሼሪንግ ወረቀት ካለሽ እሱንም፣ ኮፒና ኦሪጅናል ለየብቻ። ሁለት እርሳስ፣ ላጲስ፣ መቅረጫ። ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል ወይ አጥፉት ይባላል፣ ስለዚህ የእጅ ሰአት ካለሽ አድርጊ፣ የድሮውን አይነት ማለቴ ነው፣ ስማርት ሰአት አያስገቡም።

ጥያቄ፦ ምን ምን ይመጣል? ሂሳብ ላይ ደካማ ነኝ፣ ካልኩሌተርስ ይገባል?

ብዙ ቦታ አይገባም፣ እንደማይገባ አድርገህ ተዘጋጅ። የሚመጣው ባብዛኛው እንግሊዝኛ፣ የቁጥር ማመዛዘን፣ የቃልና የቅርጽ ማመዛዘን፣ ትንሽ የባንክና የሀገር ኢኮኖሚ እውቀት ነው። ሂሳቡ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሂሳብ ነው፣ ከባድ የሚያደርገው ሰአቱ ነው፣ ላንድ ጥያቄ አንድ ደቂቃ ከደረሰህ ጥሩ ነው። ስለዚህ በእጅህ ሳትጽፍ ማስላት ልመድ፣ ለምሳሌ የ840ን 15 በመቶ ሲሉህ 10 በመቶው 84፣ ግማሹ 42፣ ድምር 126፣ በቃ። 3 ሰራተኛ በ8 ቀን የሚጨርሰውን 4 ሰራተኛ በስንት ቀን ሲሉህ 3 በ8 24፣ ለ4 ሲካፈል 6 ቀን። 50,000 ብር በአመት 7 በመቶ ለ6 ወር ቢቀመጥ፣ የአመቱ 3,500፣ ግማሹ 1,750።

አንድ ግን ሁሌ ሰው የሚጥል አለ፣ የ12,000 ብር እቃ 20 በመቶ ቀንሶ መልሶ 20 በመቶ ቢጨምር ስንት ይሆናል የሚል፣ ሰው ሁሉ ቸኩሎ 12,000 ይላል፣ 11,520 ነው፣ ምክንያቱም ሁለተኛው 20 በመቶ የሚሰላው ከ9,600 ላይ ነው። ይሄን ሳርም ስንቱ ጎበዝ ልጅ እንደተሳሳተው ሳይ ያሳዝነኛል፣ ስላላወቀ ሳይሆን ስለቸኮለ ነው።

ለጠቅላላ እውቀቱ የቅርብ ጊዜውን ለውጥ ያዝ። የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 2016 ነው፣ የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ታኅሣሥ 2017 ጸደቀ፣ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያው፣ አክሲዮንና ቦንድ የሚገበያይበት ማለት ነው፣ ጥር 2017 ተከፈተ። ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ምን እንደሚለያዩ በሁለት አረፍተ ነገር መናገር ካልቻልክ ደሞ ዛሬውኑ አንብብ፣ ብሔራዊ ባንክ ከህዝብ ቁጠባ አይሰበስብም፣ ባንኮችን ነው የሚቆጣጠረው።

ጥያቄ፦ ፈተና ላይ ስቀመጥ ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሁለቴ በዚህ ምክንያት ወደቅኩ። ምን ላድርግ?

እህቴ አይዞሽ፣ እኔንም አግኝቶኛል፣ እንዴት እንደሆነ በዝርዝር ልንገርሽ ምክንያቱም የሚጠቅምሽ እሱ ይመስለኛል። ሦስተኛው ፈተናዬ ነው፣ ቤቴ ሰሚት ነው ያኔ፣ ሌሊት 10 ሰአት ተነሳሁ፣ እንቅልፍ እንኳን አልነበረም፣ ከሲኤምሲ በባቡር ሜክሲኮ ወረድኩ፣ ግቢው ስደርስ ሰልፉ ከበር አልፎ መንገድ ላይ ወጥቷል፣ ያን ሁሉ ሰው ሳይ እግሬ ከዳኝ፣ የሚፈለገው ጥቂት ሰው ነው እኮ እያልኩ። ቁርስ አልበላሁም። አዳራሽ ገብተን 60 ጥያቄ በ60 ደቂቃ ተባለ። 17ኛው ጥያቄ ላይ ተያዝኩ፣ ሰንጠረዥ ነው፣ ሦስት ደቂቃ ገደልኩበትና ዘለልኩት። ጥያቄውን ዘለልኩ፣ መልስ ወረቀቱ ላይ ግን አልዘለልኩም። የ18ን መልስ 17 ላይ፣ የ19ን 18 ላይ፣ እንደዛ እያጠቆርኩ ሄድኩ። 43ን ጨርሼ ላጠቁር ስል እጄ ያለው 42 ቁጥር ላይ ነው።

ያኔ የተሰማኝን ልገልጸው አልችልም፣ ጆሮዬ ጭው አለ። 11 ደቂቃ ቀርቷል። 25 ክብ ነው ማጥፋት ያለብኝ፣ ላጲሴ ደሞ እርሳሱ ጫፍ ላይ ያለችው ቀይ ነገር ናት፣ ወረቀቱን ማጥቆር እንጂ ማጥፋት አልቻለችም፣ አንዱ ቦታ ተቀደደ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሳትናገር ነጭ ላጲሷን ጠረጴዛዬ ጠርዝ ላይ ገፋ አድርጋ አስቀመጠችልኝ፣ ፈታኙ እንዳያያት እየፈራች፣ ያቺን ልጅ እስከዛሬ አመሰግናታለሁ። አጠፋሁ፣ እንደገና አጠቆርኩ፣ የቀሩትን ጥያቄዎች ግን አልደረስኩባቸውም፣ ወደቅኩ።

ከዛ በኋላ የማደርገው ይሄ ነው። ወረቀቱ ሲሰጠኝ መጀመሪያ አልጽፍም፣ እርሳሱን አስቀምጬ አየሩን በአፍንጫዬ አስገብቼ ቀስ ብዬ በአፌ አስወጣለሁ፣ ማስወጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም፣ አራት አምስት ጊዜ፣ ግማሽ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቀጥሎ አንድ ሁለት የምችለውን ጥያቄ ፈልጌ እሱን እሰራለሁ፣ 1ኛው የግድ መጀመሪያ መሰራት የለበትም፣ እጅሽ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ጭንቅላትሽ ይመለሳል። ከአንድ ደቂቃ በላይ የያዘሽን ጥያቄ ክብ አድርጊበትና እለፊ። በየ10 ጥያቄው ደሞ ቁም በይና የጥያቄው ቁጥርና መልስ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ መሆኑን እዪ። ለስህተት ነጥብ ካልተቀነሰ አንድም ባዶ አትተዪ፣ መመሪያው ላይ ይጻፋል፣ አንብቢው።

ጥያቄ፦ ልጄ ፈተናውን አምስት ጊዜ ተፈትኖ አልተሳካለትም። አሁን ቅዳሜም አለበት፣ ከክፍሉ አይወጣም፣ ምግብም እምቢ ብሏል። ምን ልበለው?

እናቴ ይህን መጻፍዎ ራሱ ለልጅዎ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ስወድቅ እናቴ "ምን አሉህ?" ብላ በር ላይ አትጠብቀኝም ነበር፣ ምሳ ታቀርብልኝና ዝም ትላለች፣ እኔ ራሴ እስክናገር። እርስዎም ቅዳሜ ሲመለስ ፈተናው እንዴት ነበር አይበሉት፣ ይብላና ይተኛ። ዘመድ እንዳይደውልለትም ይንገሯቸው፣ "የእገሌ ልጅ ገባ" የሚለው ወሬ ከፈተናው በላይ ነው የሚጎዳው። ደሞ ይሄን እኔ ከውስጥ ሆኜ ስለማየው ይመኑኝ፣ ቦታው ትንሽ፣ ተፈታኙ ብዙ ነው፣ ሁሉም ተፈታኝ ጎበዝ ቢሆን እንኳን አብዛኛው ይቀራል። ግን ምግብ እምቢ ማለቱና አለመውጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፣ እንደ ማንኛውም ህመም ሃኪም የሚያየው ነገር ነው፣ የሚያሳፍር የለውም።

ጥያቄ፦ የግሩፕ ዲስከሽን ላይ ብዙ ያወራ ነው የሚያልፈው?

አይደለም። እኔ ስመዘግብ የማየው ሌላውን ሰምቶ ነው ወይ የሚናገረው የሚለውን ነው። አንድ ጊዜ ለስድስት ሰው "አንድ ቴለር ብቻ ያለው ቅርንጫፍ ውስጥ የደሞዝ ቀን ሰልፍ በዛ፣ ምን ታደርጋላችሁ?" የሚል ሰጠን። አራቱ እየተቋረጡ ጮሁ፣ ከነሱ አንዱ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ሊያስደምም ይሞክራል፣ አንድ ረጋ ያለ ልጅ ወረቀት ላይ ሲጽፍ ቆየና "እስካሁን ሦስት ሃሳብ ተነስቷል፣ አራት ደቂቃ ቀርቶናል፣ የትኛውን እንያዝ? እሷ ደሞ ገና አልተናገረችም" ብሎ ወደ አንዷ ልጅ ዞረ። እሱ አለፈ፣ እሷም አለፈች። ጭራሽ ዝም ማለት ግን ያስጥላል፣ የምሰጥህ ነጥብ ባዶ ይሆንብኛል፣ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተናገር።

ጥያቄ፦ ኢንተርቪው ላይ ስለራስሽ ንገሪን ሲሉኝ ምን ልበል? እንግሊዝኛዬ ይንተባተባል።

ትውልድሽንና የትምህርት ቤትሽን ዝርዝር ተዪው፣ ሲቪሽ ላይ አለ። ሦስት ነገር በቂ ነው፣ ምን ተማርሽ፣ ከገንዘብ ወይ ከሰው ጋር የሰራሽው አንድ እውነተኛ ነገር፣ ለምን ይሄ ስራ። የቤተሰብሽን ሱቅ ስትጠብቂ ማታ ሂሳብ ትዘጊ ከነበረ እሱን ተናገሪ፣ በእኔ ቤት ከዲግሪሽ እኩል ነው። በእንግሊዝኛ አጭር አረፍተ ነገር ተጠቀሚ፣ ቃል ከጠፋሽ ቆም በይ፣ ዝምታው ላንቺ ነው የሚረዝመው እንጂ ለኛ ሁለት ሰከንድ ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ቦታ "ለማግባት አስበሻል? መውለድስ?" ብለው ጠየቁኝ። ይፈቀዳል?

ይሄ ያናድደኛል፣ በጣም። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ሴትን በጾታዋ ምክንያት ማግለል ክልክል ነው። ሆኖም ክፍሉ ውስጥ ሆነሽ አዋጅ መጥቀስ ሊከብድሽ ይችላል፣ ስለዚህ "ስራው የሚጠይቀውን ሰአትና ቦታ አይቻለሁ፣ እችላለሁ" ብለሽ ወደ ስራው መልሺው። ወንዱን የማትጠይቀውን ሴቷን አትጠይቅ፣ እኔ በተቀመጥኩበት ፓነል ይሄ ጥያቄ ሲነሳ አስቁሜያለሁ፣ ነገም አስቆማለሁ።

ጥያቄ፦ 30 ሺህ ክፈልና ስምህን አስገባልሃለሁ ያለኝ ሰው አለ፣ በቴሌግራም ነው ያገኘኝ።

አትክፈል። ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይሄን ነው፣ ከሃያ ሰው ይቀበላሉ፣ ከሃያው አንድ ሁለቱ በራሳቸው ጉልበት ያልፋሉ፣ ለነሱ "ይኸው አስገባሁህ" ይላል፣ ለቀሩት ስልኩን ያጠፋል። እናትህ በሬ ሸጣ የላከችው ብር ከሆነ ደሞ እግዚአብሔር ያሳይህ። አድልዎ የሚባል ነገር የለም አልልህም፣ ዋሽቼህ ምን ልጠቀም፣ ግን ያለው እንኳን በቴሌግራም አይመጣም።

ጥያቄ፦ ተጠባባቂ ነህ ተባልኩ፣ ተስፋ አለው?

አለው። ያለፈው ሰው ሌላ ቦታ ይገባል፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ያጣል፣ ክፍለ ሀገር ተመድቦ ይቀራል፣ ያኔ ከተጠባባቂ እንጠራለን። ስልክ ቁጥርህን አትቀይር፣ የማታውቀውን ቁጥር አንሳ። እስከዛ ግን ሌላ ቦታ ማመልከትህን አታቁም።

ጥያቄ፦ ጾም ላይ ነኝ፣ ባዶ ሆዴን ልፈተን?

ጾሙን መፍታት አለመፍታት ያንተና የነፍስ አባትህ ነገር ነው፣ ሙስሊም ከሆንክም እንደዛው። የምልህ ማታ በደንብ ብላ፣ ውሃ ጠጣ፣ ፈተና ግቢው ውስጥ ጸሐይ ላይ አትቁም።

ጥያቄ፦ የኔ ነገ ጠዋት ነው፣ አሁን ማታ 4 ሰአት ሆኗል፣ ገና ያላነበብኩት አለ። ልደር?

አትደር። መታወቂያህንና እርሳሶችህን አሁኑኑ በምትለብሰው ጃኬት ኪስ ክተት፣ ጃኬቱን በሩ ላይ ስቀለው፣ ላጲሱን ለብቻው ነጩን ያዝ። አላርም ሁለት ሙላ፣ አንዱን ከአልጋ አርቀህ አስቀምጠው። ለመንገድ አንድ ሰአት ከመሰለህ ሁለት ያዝ። በል ስልኩን ዝጋው፣ ስትወጣ እዚሁ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።