የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በር፤ ከ1831 እስከ 2022 (ጥያቄና መልስ)

የዛሬው ጥያቄና መልስ በአሜሪካ ደቡብ፣ በአላባማ ግዛት፣ ተስካሉሳ ከተማ ስለሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አገረ ገዥው ጆርጅ ዋላስ በ1963 በር ላይ ቆሞ ሁለት ጥቁር ተማሪዎችን ለመከልከል የሞከረበትን ፎቶግራፍ ስለሆነ፣ አብዛኛው ጥያቄም በዚያ ዙሪያ ነው። እኔ ግን የዚህ ታሪክ ልብ ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ በ1956 የተፈጸመው ነው ብዬ ስለማምን፣ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲው መቼ ተመሠረተ? ጥቁሮች መግባት ከመጀመራቸው በፊትስ ከእነርሱ ጋር የነበረው ግንኙነት ምን ይመስል ነበር?

መልስ፦ ማስተማር የጀመረው በ1831 ነው። ሁለተኛውን ጥያቄዎን ግን በትንሹ ላስተካክለው፤ ጥቁሮች በዚያ ግቢ ውስጥ ያልነበሩበት ዘመን የለም። ሕንጻዎቹ ሲቆሙ የደከሙት፣ ከዚያም በኋላ የመምህራኑንና የተማሪዎቹን አገልግሎት ሁሉ የተሸከሙት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ከ1837 እስከ 1855 ዩኒቨርሲቲውን በፕሬዚዳንትነት የመራው ባሲል ማንሊም የባፕቲስት ሰባኪ ሲሆን፣ ራሱ ባሪያዎች ነበሩት፤ ለባርነትም በግልጽ ይሟገት ነበር። በኤፕሪል 1865፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሊያበቃ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የሰሜኑ ጦር ግቢውን አቃጠለው፤ ከእሳቱ ከተረፉት ጥቂት ሕንጻዎች መካከል የፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ዛሬም ቆሟል። የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሸንጎ ስለዚያ የባርነት ዘመን ይቅርታ የጠየቀው በ2004 ነው። እንግዲህ ለአንድ መቶ ሠላሳ ዓመታት ያህል የተዘጋው በተማሪነት የሚገባበት በር ነበር፤ የሠራተኛው በርማ ሁልጊዜ ክፍት ነበር።

ጥያቄ፦ መለያየቱ በሕግ የተደነገገ ነበር ወይስ ልማድ? አንድ ጥቁር ወጣት መማር ቢፈልግ የት ይሄድ ነበር?

መልስ፦ በሕግ የተደነገገ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 «እኩል እስከሆነ ድረስ መለየት ይቻላል» የሚለውን መርህ ካጸደቀ በኋላ፣ የ1901 የአላባማ ሕገ መንግሥት ነጭና ጥቁር ልጆች በተለያየ ትምህርት ቤት እንዲማሩ አዘዘ። ጥቁር ወጣቶች ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1881 ሥራ ወዳስጀመረው ወደ ተስኪጊ፣ በግዛቱ ዋና ከተማ በሞንትጎመሪ ወዳለው የአላባማ ስቴት ኮሌጅ ወይም በሀንትስቪል አጠገብ ወዳለው አላባማ ኤ ኤንድ ኤም ይሄዱ ነበር። እነዚህ ተቋማት በጥቂት ገንዘብ ትልቅ ሥራ የሠሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሕግን ወይም ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ ያለውን ብዙውን የትምህርት ዓይነት የሚሰጥ የግዛቱ ተቋም ለጥቁር ዝግ ነበር። መለያየቱን በፍርድ ቤት የተቃወሙት ጠበቆች ትግሉን ከከፍተኛ ትምህርት የጀመሩትም «እኩል» የሚለው ቃል ሐሰት መሆኑ እዚያ ላይ ያለ ብዙ ክርክር ስለሚታይ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1950 በቴክሳስ የሕግ ትምህርት ቤት ላይ፣ በ1954 ደግሞ በመላው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ላይ ፈረደላቸው። የአላባማ ሕዝብ የመለያየቱን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ለመሰረዝ በ2004ና በ2012 የቀረበለትን ማሻሻያ ሳያጸድቅ ቀርቶ፣ ቃሉ የወጣው በ2022 መሆኑንም መዝግቡልኝ።

ጥያቄ፦ ኦተሪን ሉሲ ማን ናት? ስሟን የሰማሁት በቅርቡ ነው።

መልስ፦ በአላባማ ገጠር በ1929 የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። በበርሚንግሃም አካባቢ ከሚገኘው ማይልስ ኮሌጅ በ1952 እንደተመረቀች፣ ጓደኛዋ ፖሊ አን ማየርስ «ለምን ወደ አላባማ ዩኒቨርሲቲ አናመለክትም?» አለቻት፤ አመለከቱም። ዩኒቨርሲቲው ማመልከቻቸውን ተቀብሎ ፈቀደላቸው፤ ጥቁር መሆናቸውን ሲያውቅ ደግሞ ፈቃዱን መልሶ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት በፍርድ ቤት አለፈ። ጉዳዩን የያዙት የበርሚንግሃሙ ጠበቃ አርተር ሾርስ፣ ከእርሱም ጋር ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊና ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው ተርጉድ ማርሻል ነበሩ። በጁን 1955 የፌዴራሉ ዳኛ ሆባርት ግሩምስ ዩኒቨርሲቲው በዘር ምክንያት መከልከል እንደማይችል ወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኦክቶበር አጸናው።

ዩኒቨርሲቲው በዚህም አላቆመም። የፖሊ አን ማየርስን የግል ሕይወት አስመርምሮ በሥነ ምግባር ስም ከለከላት፤ የሐሳቡ ጠንሳሽ እርሷ ስለነበረች፣ ጓደኛዋ ብቻዋን ስትቀር ተስፋ ትቆርጣለች የሚል ግምት የነበረ ይመስለኛል። ኦተሪን ግን ብቻዋን ሄደች። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1956 ዓርብ ዕለት በ26 ዓመቷ የመጀመሪያ ክፍሏን ተማረች፤ ማደሪያና መመገቢያ ግን ተከልክላ ነበር።

በዚያው ምሽት ሰልፉ ተጀመረ፤ ለማስፈራራትም መስቀል ተቃጠለ። ሰኞ ጠዋት ፌብሩዋሪ 6፣ ተማሪዎችና ከከተማው ውጭ የመጡ ሰዎች የተቀላቀሉበት ብዙ ሕዝብ ግቢውን ሞላው። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው በመኪና ሲወስዷት እንቁላልና ድንጋይ ወረወሩባት፤ ቢብ ግሬቭስ አዳራሽ በሚባለው የትምህርት ፋኩልቲ ሕንጻ ውስጥ ለሰዓታት ተዘግቶባት፣ ውጭ «እንግደላት» ሲሉ እየሰማች ቆየች። በመጨረሻ ፖሊሶች በመኪና ወለል ላይ አስተኝተው ከግቢው አወጧት።

ጥያቄ፦ አመፁን ያነሡት ሌሎች ሆነው ሳለ የተባረረችው እርሷ መሆኗን እንዴት አድርገው አስረዱ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ላነሡት እህታችን አመሰግናለሁ፤ እኔም የማልረሳው ይህንን ነውና። በዚያው ምሽት የዩኒቨርሲቲው ባለአደራዎች ቦርድ «ለራሷና ለሌሎች ደኅንነት» በሚል ከትምህርት አገዳት። ጠበቆቿ ተመልሰው ፍርድ ቤት በመሄድ፣ ዩኒቨርሲቲው ከአመፀኞቹ ጋር ተመሳጥሯል ብለው ከሰሱ። ማስረጃ ማቅረብ እንደማይችሉ ሲረዱ ክሱን አነሡት፤ ዳኛው ግን ፌብሩዋሪ 29 ቀን ወደ ትምህርቷ እንድትመለስ አዘዘ። ቦርዱ በዚያው ዕለት ተሰብስቦ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም አጥፍታለች በሚል ለዘለቄታው አባረራት። በሌላ አነጋገር፣ በዘሯ ምክንያት ማባረር በፍርድ ስለተከለከለ፣ ፍርድ ፍለጋ የጻፈችውን ክስ ራሱን የመባረሪያ ምክንያት አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ግቢው ጸጥ አለ። በዚያ ወቅት በሞንትጎመሪ በአውቶቡስ ውስጥ የሚደረገውን መለያየት የሚቃወመውን አድማ ይመራ የነበረው ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ በተስካሉሳ ሰላም ሰፈነ የሚለውን የጋዜጣ ዜና አንሥቶ፣ ይህ ለአመፀኞች እጅ በመስጠት የተገዛ ሰላም ነው ሲል በስብከቱ ተቃወመ። እኔም ከእርሱ ጋር ነኝ። ከ1956 እስከ 1963 ድረስ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድም ጥቁር ተማሪ ያልገባው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለጠፋ አልነበረም፤ ትእዛዙ የጸና ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው ተሰብስቦ ከጮኸ ሕግ ሊመለስ እንደሚችል ስለታየ ነው።

ጥያቄ፦ በሌሎች የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎችስ?

መልስ፦ በጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ሃሚልተን ሆምስና ሻርሌይን ሀንተር በጃንዩዋሪ 1961 ገቡ፤ እዚያም አመፅ ተነሥቶ ታግደው ነበር፣ ነገር ግን ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ መለሳቸው። በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ሜረዲዝ ለመግባት በደረሰበት ሌሊት፣ በሴፕቴምበር 30 ቀን 1962፣ በተነሣው ረብሻ ሁለት ሰዎች ተገድለዋል፤ ፌዴራሉ መንግሥትም በሺዎች የሚቆጠር ወታደር ለመላክ ተገዷል። ተስካሉሳ ላይ በቀጣዩ ዓመት የሆነው ሁሉ በዚያ ሌሊት ጥላ ሥር የሆነ ነው፤ ዋሽንግተንም ሆነ ሞንትጎመሪ ሌላ አስከሬን ማየት አልፈለጉም።

ጥያቄ፦ ዋላስ በር ላይ የቆመው የምር ሊከለክል ነበር ወይስ ለካሜራ?

መልስ፦ ለሁለቱም ማለት ይቀላል፤ ለካሜራ ማለት ግን ወደ እውነቱ ይቀርባል። ዋላስ በ1958 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ በመለያየት አቋሙ የበለጠ በከረረው በጆን ፓተርሰን ከተሸነፈ በኋላ፣ በ1962 ዘመቻው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ እከለክላለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ጁን 11 ቀን 1963 በፎስተር አዳራሽ በር ላይ ቆሞ ያነበበው መግለጫም ለመራጮቹ የተጻፈ ነው። ፊት ለፊቱ የቆመው ምክትል ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ኒኮላስ ካትዘንባክ ነበር፤ ሁለቱ ተማሪዎች ቪቪያን ማሎንና ጄምስ ሁድ በዚያን ጊዜ መኪና ውስጥ ይጠብቁ ነበር። ዋላስ እንቢ ሲል ካትዘንባክ አልታገለውም፤ ተማሪዎቹን በቀጥታ ወደ ማደሪያቸው ወሰዷቸው። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የአላባማን ብሔራዊ ዘብ ከገዥው እዝ አውጥተው በራሳቸው ሥር አደረጉ፤ ከቀትር በኋላ ጄኔራል ሄንሪ ግሬሃም መጥቶ፣ በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ገለል እንዲል መጠየቅ አሳዛኝ ግዴታው መሆኑን ነገረው። ዋላስም ሄደ፤ ተማሪዎቹም ተመዘገቡ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያን ዕለት ግቢው በግዛቱ ፖሊስ ታጥሮ ነበር፤ አንድም አመፀኛ አልገባም፣ አንድም ድንጋይ አልተወረወረም። የግዛቱ ባለ ሥልጣናት ከፈለጉ ሕዝቡን ማስቆም ይችሉ ኖሯል ማለት ነው። በ1956 ኦተሪንን መጠበቅ አልቻልንም የተባለውን ምክንያት ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ጥያቄ፦ ጉዳዩ በአፍሪካ ይሰማ ነበር? ከአዲስ አበባ ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ እጅግ ይሰማ ነበር፤ ከእርስዎ ከተማም ጋር የተያያዘ ነው። በሜይ 1963 መጀመሪያ ላይ፣ ከተስካሉሳ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ባለችው በበርሚንግሃም፣ በሰልፍ የወጡ ልጆች ላይ ውሻና የእሳት አደጋ ውኃ ተለቀቀባቸው፤ ሥዕሉም በዓለም ጋዜጦች ወጣ። በዚያው ወር የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ነበር። የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ ለኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ጉባኤውም ባሳለፈው ውሳኔ ከአፍሪካ ውጭ በሚኖሩ የአፍሪካ ተወላጆች ላይ፣ በተለይም በአሜሪካ፣ የሚደረገው የዘር አድልዎ እንደሚያሳስበው ገለጠ። ቻርተሩ የተፈረመው ሜይ 25 ነው፤ ዋላስ በሩ ላይ የቆመው ከዚያ 17 ቀን በኋላ። ኬኔዲ በዚያው ምሽት ለሕዝባቸው ባደረጉት ንግግር፣ በዓለም ዙሪያ ነጻነትን እየሰበክን በቤታችን እንዲህ ልንሆን አንችልም የሚል ሐሳብ ማንሣታቸው ስለዚህ የሚያስገርም አይደለም። ንግግሩ ካለቀ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የመብት ታጋዩ ሜድጋር ኤቨርስ በሚሲሲፒ፣ በቤቱ ደጃፍ ተገደለ።

ጥያቄ፦ ሁለቱ ተማሪዎች እስከ መጨረሻው ተማሩ?

መልስ፦ ጄምስ ሁድ ጫናውን መሸከም ስላቃተው በዚያው ክረምት፣ በኦገስት፣ ለቆ ሄደ። ማንም ሊፈርድበት አይገባም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሶ በ1997 ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀብሏል። ቪቪያን ማሎን ከማደሪያዋ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ፈንጂ እስኪፈነዳ ድረስ ዛቻው ቢበረታም ቆየች፤ በሜይ 1965 በማኔጅመንት ተመርቃ ከዩኒቨርሲቲው ዲግሪ የተቀበለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች። ከዚያም ለፌዴራሉ መንግሥት በሲቪል መብትና በአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች አገልግላ በ2005 አረፈች።

ጥያቄ፦ መለያየቱን ያስቀረው የእግር ኳስ ቡድኑ ነው የሚሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ የአሜሪካን እግር ኳስ ማለትዎ ከሆነ፣ ይህ ተረት ትንሽ እውነት አለው። በሴፕቴምበር 1970 ከካሊፎርኒያ የመጣው የዩ.ኤስ.ሲ. (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ቡድን፣ በጥቁሩ ሳም ከኒንግሃም ድንቅ ጨዋታ፣ አላባማን 42 ለ 21 አሸነፈ። ነገር ግን ዊልበር ጃክሰን የተባለ ጥቁር ተጫዋች ያን ጊዜ አስቀድሞ ፈርሞ በግቢው ውስጥ ይማር ነበር፤ ዌንደል ሃድሰንም በ1969 ለቅርጫት ኳስ ገብቷል። ጨዋታው የደጋፊውን ልብ አለስልሶ ይሆናል እንጂ በሩን የከፈቱት ቀድመው ዋጋ የከፈሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ከተመዘገቡ በኋላ በእኩልነት ኖሩ?

መልስ፦ መመዝገብና መቀላቀል የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የነጭ ሴት ተማሪዎች ማኅበራት ጥቁር ዕጩዎችን በዘራቸው ምክንያት እንደሚጥሉ የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጋዜጣ ያጋለጠው በ2013፣ ማለትም ከዋላስ በኋላ ሃምሳኛው ዓመት ላይ ነው። አስተዳደሩ ምልመላው እንደገና እንዲከፈት ያዘዘው ከዚህ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ኦተሪን ሉሲ ፍትሕ አገኘች?

መልስ፦ ወይዘሮ ኦተሪን ሉሲ ፎስተር፣ በትዳር ስማቸው ልጥራቸውና፣ የተባረሩበት ውሳኔ የተሻረላቸው በ1988 ነው፤ 32 ዓመት መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት ተመዝግበው በ1992 በመምህርነት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ፤ ልጃቸው ግራዚያም በዚያው ሥነ ሥርዓት አብራቸው ተመረቀች። በ2019 የክብር ዶክትሬት ተሰጣቸው።

በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ቦርዱ በቢብ ግሬቭስ ስም የሚጠራውን ሕንጻ «ሉሲ ግሬቭስ» ብሎ ለመሰየም ወሰነ። ግሬቭስ የቀድሞ አገረ ገዥ ብቻ ሳይሆን የነጭ የበላይነትን በዓመፅ ያስፋፋ በነበረው በኩ ክለክስ ክላን ውስጥ መሪ የነበረ ሰው ስለሆነ፣ ስሙ ከእርሳቸው ስም ጋር መያያዙ ተቃውሞ አስነሣ፤ ቦርዱም በቀናት ውስጥ ተመልሶ ሕንጻውን በእርሳቸው ስም ብቻ ሰየመው። ፌብሩዋሪ 25 ቀን በምርቃቱ ላይ ተገኝተው ነበር፤ ማርች 2 ቀን በ92 ዓመታቸው አረፉ። ስማቸው የተጻፈበት ሕንጻ በ1956 ሰኞ ጠዋት፣ ውጭ የሚጮኸውን ሕዝብ እየሰሙ የተዘጉበት ያው ሕንጻ ነው።