ኩሬያችን አረንጓዴ ሆነብን

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምንኖረው። ግቢያችን ውስጥ ማንጎው አጠገብ ትንሽ የሲሚንቶ ኩሬ አለችን፤ ቆሮሶ ዓሣ ለቀንባታል። አጥበን በሞላናት በሳምንቷ የጎመን ቅቅል ውኃ ትመስላለች። አንድ ጎረቤታችን «እምቦጭ ጣሉባት፣ ያጠራል» አለን። እንሞክረው?

መልስ፦ እህቴ፣ እምቦጩን ተዪው። ጎረቤትሽ ግን ከመሬት ተነስቶ አላወራም። እምቦጭ ውኃን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ምግቦች፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን፣ ከውኃ ይመጥጣል። ጣጣው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ መሆኑ ነው። የክረምት ጎርፍ አንዲት ቁራጭ ይዞ ጣና ቢገባስ? ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሲነቅል እያየን ግቢያችን ውስጥ አናረባውም።

አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ ነገር። የምትቀልቡት ደግሞ ራሳችሁ ናችሁ፦ ዓሣው የተወው የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ዓይነ ምድሩ፣ የማንጎው ቅጠል። ጽጌረዳሽ ሥር ዩሪያ ታደርጊያለሽ? ዝናብ ሲጥል ወደ ኩሬው ነው የሚወርደው። ዙሪያውን ስንዝር የሚያህል ጠርዝ አሠሪ። ምግብም ዓሣው በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ስጪ።

ሙልጭ አድርጎ ማጠቡ ነገሩን ያብሳል። ግድግዳው ላይ የሚያዳልጠው ነገር ውስጥ ዓሣው የሚያወጣውን መርዛማ አሞኒያ ብዙም ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ። ስትፍቂያቸው ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። ካስፈለገ ሩቡን ውኃ ብቻ ቀይሪ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ አሳድሪው።

አሁን ወደ ተክሉ። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እዚሁ አለልን። በተበሳ ባልዲ ጭቃ ሞልተሽ ትከዪውና ዳር ላይ አስቀምጪው። ቆሮሶ መቆፈር ስለሚወድ ላዩን ጠጠር አልብሺው። ፀሐይ የሚያገኘው በኩል ደግሞ የውኃ አበባ ይሁን፤ ሰፊ ቅጠሉ ብርሃን ይከለክላል፣ አልጌውም ይዳከማል። የኩሬው ፊት ግማሹ ቢሸፈን ይበቃል። ከሁለት ሦስተኛው ካለፈ አደጋ አለው፤ ሌሊት ተክሉም ኦክስጅን ስለሚወስድ ዓሣው ሲነጋ አፉን ከፍቶ ላይ ላዩን ሲያለከልክ ታገኚዋለሽ።

ሰው የሚረሳው ማጨዱን ነው። ደንገሉ ቢጫ ሲሆን ቁረጪና ከኩሬው አውጥተሽ ማንጎው ሥር ጣዪው። እዚያው ከበሰበሰ የመጠጠውን ሁሉ መልሶ ይተፋዋል፤ ድካምሽ ከንቱ ነው።

ቆሮሶው ራሱም መታጨድ አለበት። ኩሬ ውስጥ መራባቱ ለጉድ ነው። ሲበዛ እያወጣችሁ ጥበሱት፤ ናይትሮጅኑም አብሮ ይወጣል። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ትቼዋለሁ።