የድሮው ዋጋ ከእንግዳው ስልክ አልወጣ ሲል

ጥያቄው ከጎንደር ፒያሳ የመጣ ነው። ጠያቂው ለአክስቱ ፔንሲዮን ዌብሳይት ሠርቷል። 12 ክፍል አለ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል 4 ፎቶ። ፎቶዎቹን በየስልኩ ልክ የሚያሳንሰውም፣ የዋጋ ሰሌዳውን በአማርኛ ጽፎ እንደ ምስል የሚያወጣውም አንድ የፒኤችፒ ስክሪፕት (ሰርቨሩ ላይ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ነው። እንዲህ ይላል፦ «ለጥምቀት ዋጋ ቀየርን። እንግዶች ግን ስልካቸው ላይ ያለውን የድሮ ዋጋ እያሳዩ ከአክስቴ ጋር ተሟገቱ። ተናድጄ ምስሉ ሁሉ ላይ ኖ-ስቶር አደረግሁ። አሁን ዋጋው ልክ ነው፤ ገጹ ግን ይንቀራፈፋል፤ ሰርቨሩን ያከራየን ሆስቲንግም ፕሮሰሰር አብዝታችኋል ብሎ አስጠነቀቀን። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ኖ-ስቶር ብሮውዘሩን «ይህን ምስል የትም አታስቀምጥ» ማለት ነው። ስለዚህ እንግዳው ገጽ በቀየረ ቁጥር ስልኩ ያንኑ ፎቶ ደግሞ ያወርዳል፣ ስክሪፕትህም ያንኑ ፎቶ ደግሞ ያሳንሳል። ለመጣው እንግዳ ሁሉ ሊጥ ከማቡካት እንደመጀመር ነው። ፎቶዎችህ በ3 ስፋት ቢወጡ እንኳ ጠቅላላው 144 ምስል ነው፤ እያንዳንዱ አንዴ ከተሠራ ይበቃዋል።

የድሮው ዋጋ እንግዳው ስልክ ላይ የቀረው የምስሉ አድራሻ ስላልተለወጠ ነው። አንዴ ለሰው ስልክ የሰጠኸውን ምስል ተመልሰህ አትነጥቀውም። የፈቀድክለት ጊዜ እስኪያልቅ ብሮውዘሩ አንተን ሳይጠይቅ ያንኑ ያሳያል። በእጅህ ያለው መፍትሔ ገጹ ሌላ ስም ያለው ምስል እንዲጠራ ማድረግ ነው። ስሙን ስክሪፕቱ ራሱ ያውጣው፦ ምስሉን የሚወልደውን ነገር ሁሉ ሰብስቦ ሃሽ ያድርግና (ይዘቱ ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ አጭር መለያ ያውጣለትና) የሃሹን ጥቂት ፊደላት ፋይል ስሙ ውስጥ ያስገባ።

«ሁሉ» ያልኩት ከልቤ ነው፤ እኔም የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው። አዘዞ ላለ አንድ ደንበኛ ተመሳሳይ ሰሌዳ ሠርቼ ነበር። ሰርቨር ስንቀይር አዲሱ ላይ የአማርኛ ፎንት አልነበረም፤ ፊደሎቹ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ወጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ጫንኩ፣ ፋይሉን ደምስሼ እንደገና አስወጣሁ፣ የእኔ ስክሪን ላይ አማረ። ደንበኛው ግን «ሳጥኑ እንዳለ ነው» ይለኛል። ሃሹን የሠራሁት ከዋጋው ብቻ ነበር፤ ዋጋው ስላልተለወጠ ስሙም አልተለወጠም። ስለዚህ ዋጋውን፣ ስፋቱን፣ የፎንቱን ስምና የስክሪፕቱን የስሪት ቁጥር አንድ ላይ ሃሽ አድርግ። ለፎቶ ደግሞ የዋናውን ፋይል ይዘት ጨምር።

ይህ ከተስተካከለ ካሹን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ያወረደውን የሚያስቀምጥበትን ማከማቻ፣ ያለ ፍርሃት ክፈተው። ሃሽ ላለው ምስል ካሽ-ኮንትሮል ሄደር (ሰርቨሩ ከፋይሉ ጋር የሚልከው የመመሪያ መስመር) ላይ ፐብሊክ (ማንም ያስቀምጠው)፣ ማክስ-ኤጅ (የሚቆይበት ጊዜ) 31536000 እና ኢሚዩተብል (አይለወጥም) በል፤ ቁጥሩ የ365 ቀን ሰከንድ ነው። ለኤችቲኤምኤል ገጹ ኖ-ካሽ ስጠው። ስሙ ያሳስታል፤ «አታስቀምጥ» ማለት ሳይሆን «አስቀምጥ፣ ግን ሳትጠይቀኝ አትጠቀም» ማለት ነው። ገጹ ኢታግ (የይዘቱ መለያ ምልክት) ካለውና ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 («አልተለወጠም») ብሎ ይመልሳል፤ ይዘቱ እንደገና አይወርድም፣ የእንግዳው ዳታም አይባክንም። ስክሪፕቱ መሳል ሲያቅተው ግን 500 (የሰርቨር ስህተት) ይመልስ፣ ኖ-ስቶርም ይበል። የተበላሸ ምስል ዓመት ሙሉ ሰው ስልክ ላይ እንዲቀመጥ አትፈልግም።

ፕሮሰሰሩን የሚያሳርፈው ደግሞ ዲስኩ ነው። ስክሪፕቱ የሠራውን ምስል አድራሻው በሚጠራው ፎልደር ያስቀምጥ፤ ፋይሉ ካለ ዌብ ሰርቨሩ (አፓቼ ወይም ኤንጂንኤክስ) በቀጥታ ይስጠው፣ ከሌለ ብቻ ወደ ፒኤችፒ ይለፍ። ያኔ ፒኤችፒ ላይ የጻፍከው ሄደር እንደማይሠራ አትርሳ፤ ያንኑ በሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይልም ጻፈው። ምስሉ ሲጻፍ በጊዜያዊ ስም ይጻፍና ሲያልቅ ስሙ ይቀየር፤ አለዚያ በመሃል የመጣ ጠያቂ ግማሽ ፎቶ ይወስዳል። የምትፈቅደው ስፋትም እነዚያ 3ቱ ብቻ ይሁኑ። ማንም ያሻውን ቁጥር አድራሻው ላይ እየጻፈ ዲስክህን ሊሞላው ይችላል።

አንድ የምጠረጥረው ነገር አለ። የምስል ስክሪፕትህ እንደ ሌሎቹ ገጾች ሴሽን (ጎብኚውን ከገጽ ገጽ የሚያስታውስ መዝገብ) ይከፍታል? ፒኤችፒ ሴሽን ሲከፍት፣ ካልከለከልከው፣ ራሱ ኖ-ስቶር ይልካል፤ ከዚያም ጋር ጊዜው ኖቬምበር 19 ቀን 1981 (በእኛ ኅዳር 10 ቀን 1974 ዓ.ም.) አልፏል የሚል ሄደር ይጨምራል። ያንን ቀን ሄደሩ ላይ ካየኸው ሌባው ተያዘ። የባሰው ደግሞ ሴሽን በፋይል ሲቀመጥ ፋይሉ ይቆለፋል፤ የአንድ እንግዳ ምስሎች አንዱ ሳያልቅ ሌላው አይጀመርም። ከምስል ስክሪፕቱ ሴሽኑን አውጣው። ለብቻው ይህ ብዙ ያፋጥንልሃል።

የእንግዳው የክፍያ ደረሰኝ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ አይግባ። እሱ ኖ-ስቶር ይሁን፤ የአንዱ ስም ለሌላው እንዳይታይ።

እውነቱን ልንገርህና፣ እኔ ብሆን ዋጋውን በምስል አላወጣውም ነበር። አማርኛ ዛሬ በየስልኩ ይነበባል፤ ተራ ጽሑፍ አድርገው፣ ከገጹ ጋር አብሮ ይታደሳል። የክፍል ፎቶዎቹንም አክስትህ በሚጭኑበት ሰዓት በ3ቱም ስፋት አውጥተህ ጨርሳቸው፤ ስክሪፕቱ የሚጠራው የጎደለ ሲኖር ብቻ ይሁን። ሰሌዳው በምስል የሚያስፈልግህ ሊንኩ ቴሌግራም ላይ ሲላክ ለሚታየው ቅድመ እይታ ነው። ቴሌግራምም የራሱን ቅጂ ስለሚይዝ፣ ዋጋ ስትቀይር ሊንኩን እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ላለው ለዌብፔጅ ቦት ላክለትና ያድሰው።

ስትፈትን የማደሻ ቁልፉን አትመን፤ አንዳንዱ ብሮውዘር ያኔ ካሹን ትቶ ሰርቨሩን ይጠይቃል። በሊንክ ግባ፣ ወደ ሌላ ክፍል እለፍ፣ ተመለስ፣ በብሮውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ያለውን የኔትወርክ ሰሌዳ እይ፤ ምስሎቹ ከካሽ መጡ ሊል ይገባል። የድሮዎቹን ፋይሎች ለጥቂት ሳምንት አትደምስሳቸው፤ ትናንት የተከፈተ ገጽ በእንግዳው ስልክ ላይ አሁንም እነሱን ይጠራል።