ከቤተሰብ ጥየቃ መልስ አዲስ ልብ ወለድ ስለ መጀመር

ከአገር ቤት በሚመለስ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት አዲስ ልብ ወለድ አይጠፋም፤ ወይ እኅት ታስይዘናለች፣ ወይ በመጨረሻው ቀን በጥድፊያ እንገዛለን። አብዛኛው ግን ሳይነበብ ይቀራል። እኔም ከዓመታት በፊት ይዤው የመጣሁትን አንድ ረጅም ልብ ወለድ በቅርቡ ስገልጠው፣ የአውሮፕላን መሳፈሪያ ወረቀቴን ገጽ 31 ላይ እንደ ምልክት ተሰክቶ አገኘሁት። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ መጽሐፉን «ስረጋጋ አነበዋለሁ» ብላችሁ አታቆዩት፤ በተመለሳችሁ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት፣ ጆሯችሁ ሳይቀዘቅዝ ጀምሩት።

ጆሮ ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን «ይገኛል» ማለት ይሆናል። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ ደግሞ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። አገር ቤት ያለ አንባቢ ይህን ሳያስበው ያልፈዋል፤ ዓመቱን ሙሉ በሌላ ቋንቋ ሲሠራና ሲያነብ የከረመ ሰው ግን በየመስመሩ ይደናቀፋል፣ ከዚያም «አማርኛው ከበደኝ» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ከቤተሰብ ጋር ወር ከርማችሁ ስትመለሱ ያ መደናቀፍ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ምልልሱን የእናታችሁና የጎረቤቶቻችሁ ድምፅ ያነብላችኋል። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ገጾች ድምፃችሁን አሰምታችሁ ብታነቡ ደግሞ የበለጠ ይቀልላል። እኔ እንዲህ ሳደርግ ልጆቼ ስልክ የማወራ መስሏቸው ነበር።

የንባቡን ሰዓት በተመለከተ፣ አሜሪካ ለምትኖሩት የእንቅልፍ መዛባቱ ራሱ ያመቻችላችኋል። ዋሽንግተን እንደ ወቅቱ ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ የሰውነት ሰዓት ደግሞ በግምት በቀን የአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሚስተካከል፣ ሳምንት ያህል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ይፈጣል። እዚያ ረፋድ ሆኗል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተነሥቷል፤ እናንተ ግን ጨለማ ውስጥ ናችሁ። በዚያን ጊዜ ስልክ አትክፈቱ። ደማቅ ብርሃን በዚያ ሰዓት ሰውነታችሁን በአዲስ አበባ ሰዓት ላይ ያቆየዋል፤ በደብዛዛ መብራት የሚነበብ የወረቀት መጽሐፍ ግን ጉዳቱ አነስተኛ ነው። ደማቁን ብርሃን ለማምሻው አቆዩት። አውሮፓ ላላችሁ ልዩነቱ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ይህ ብዙም አያስፈልጋችሁም።

ከታሪኩ ይልቅ በመጀመሪያ አካባቢ የምመክራችሁ ሰዎቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚጠራሩ እንድታስተውሉ ነው። ማን ማንን «አንቱ» እንደሚል፣ ማን «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ መቼ ወደ «አንተ» እንደሚሻገር ከተከተላችሁ፣ ደራሲው በግልጽ ያልጻፈውን ዝምድናና ቅሬታ ታነቡታላችሁ። ከጉዞው በኋላ ይህን ለማየት ዓይናችሁ የነቃ ነው፤ ባለፈው ጊዜ «አንተ» ይለኝ የነበረ የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ «አንቱ» ሲለኝ፣ ሽበቴን ከመስታወት ይልቅ ከእሱ አፍ ተረድቻለሁ። እንዲህ ያለውን ለውጥ ልብ ወለድ ውስጥ ያለ ማብራሪያ የሚያስቀምጥ ደራሲ ስታገኙ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ካቋረጣችሁ ያለ እፍረት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሩ፤ የሰዎቹ ስም ጠፍቶባችሁ ከመሐል መቀጠል መጽሐፉን ዳግመኛ የመተው አጭሩ መንገድ ነው። ከአገር ርቆ ከአማርኛ ልብ ወለድ ጋር መኖር አዲስ ነገር እንዳልሆነም አስታውሱ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ በ1900 ዓ.ም. የታተመው ሮም ላይ ነው፤ ደራሲው በዚያን ጊዜ ጣሊያን ይኖሩ ነበር። «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚለው ርእሱም ለዘርፉ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

በመጨረሻም መጽሐፉን ላስያዘቻችሁ እኅት ስትደውሉ የት እንደ ደረሳችሁ ንገሯት። ከጤናና ከገንዘብ ውጭ የምታወሩት ነገር ይኖራችኋል። ብቻ እሷ የት እንደ ደረሰች አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የእኔዋ ለራሷም አንድ ቅጂ ገዝታ ኖሮ፣ ያልደረሰችበትን ምዕራፍ ስለ ተረክሁባት ሁለት እሑድ ስልክ አላነሣችልኝም።