ዌምብሌይ ስታዲየም ለመግባት የቱ ጣቢያ ልውረድ?

ጥያቄ፦ ቡድኔን ለመደገፍ ለንደን ልሄድ ነው። ካርታው ላይ ዌምብሌይ የሚል ስም ያላቸው 3 ባቡር ጣቢያዎች አየሁ። የትኛው ይሻለኛል?

መልስ፦ ከመሀል ከተማ ከተነሱ ዌምብሌይ ፓርክ። ጁቢሊም ሜትሮፖሊታንም መስመር ያደርስዎታል፤ ከቤከር ስትሪት ጣቢያ ከሆነ ግን ሜትሮፖሊታኑ በየጣቢያው ስለማይቆም ይፈጥናል። ከጣቢያው ሲወጡ የስታዲየሙ ቅስት ፊት ለፊት ይታያል፤ 10 ደቂቃ ያህል በእግር ነው። ዌምብሌይ ስታዲየም የተባለው ጣቢያ ከሜሪልቦን ባቡር ጣቢያ ለሚነሱ ይመቻል። ዌምብሌይ ሴንትራል ከሦስቱ ራቅ ይላል።

እንግዳ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው የባቡር ክፍያው ላይ ነው። ጣቢያ ሲገቡ በር ላይ ያለው ማሽን ላይ ያስነኩትን የባንክ ካርድ ሲወጡም ያስነኩ። በካርድ ገብተው ያው ካርድ በተጫነበት ስልክ ከወጡ፣ ማሽኑ ሁለት ያልተጠናቀቁ ጉዞዎች አድርጎ ስለሚቆጥረው ለእያንዳንዱ ከፍተኛውን ታሪፍ ሊቆርጥብዎት ይችላል። አንድ ሂሳብ መሆናቸው አይረዳም።

ሻንጣዎን ሆቴል ይተዉ፤ ከኤ4 ወረቀት የሚበልጥ ቦርሳ በር ላይ ያስመልስዎታል። ቅዳሜና እሁድ መስመሮች ለጥገና ስለሚዘጉ ዋዜማውን ያጣሩ። ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ጣቢያው የሚሄደው ሰው በየተራ ነው የሚለቀቀው፤ ካልቸኮሉ ግማሽ ሰዓት ቆይተው ይውጡ።