«ዛሬ ሥራ ነበረሽ?» ሲለኝ ለምን እጮህበታለሁ?

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎች ጉዳዩን እንዲከታተሉት፣ ማንነትሽን የሚጠቁመውን አውጥቼ ከራስሽ ቃል ጥቂቱን ላስቀድም።

«ዶክተር፣ የግድግዳ ሥዕል ሠዓሊ ነኝ። ተቀጥሬ አላውቅም። ሥራውን የማፈላልገውም፣ የምዋዋለውም፣ የምሠራውም እኔው ነኝ። ባለቤቴ የወር ደመወዝተኛ ነው። ማታ ሲገባ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ‹ዛሬ ሥራ ነበረሽ?› ብሎ ነው። መወጣጫ ላይ ካልዋልኩ ለእሱ ሥራ ፈት ነኝ። ባለፈው የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ስለ እኔ ሲጠይቁት ‹እሷ እቤት ናት› ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። አሁን ሲጠይቀኝ ወይ ዝም እለዋለሁ፣ ወይ እጮህበታለሁ። ልጃችን ገና ጥያቄውን ሲሰማ ተነስቶ ክፍሉ ይገባል። ሥራዬን ከማያከብር ሰው ጋር እንዴት ልኑር?»

እውነት ካለሽበት ልጀምር። «እሷ እቤት ናት» የሚለው ቃል ያማል፤ ሊያምሽም ይገባል። ሥራሽ መወጣጫ ላይ የሚጀምር አይደለም። ግድግዳውን መለካት፣ ንድፉን በልኩ ማውጣት፣ ደንበኛው ሐሳቡን ሲቀይር ከእንደገና መንደፍ፣ ግድግዳው ስንት ሊትር ቀለም እንደሚጠጣ አስልቶ ዋጋ መስጠት፣ ውል መጻፍ፣ ያልተከፈለ ቀሪ ሒሳብ ለማስመለስ በየቀኑ መደወል፣ ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። መጠበቁም ሥራ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት በተለምዶ 28 ቀን ያህል መድረቅ አለበት፤ ዝናብ ከገባበት ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ደመወዝተኛ ሰው ሥራ ቆሞ ሲጠብቅም ይከፈለዋል፤ አንቺ ስትጠብቂ የሚከፍልሽም፣ መጠበቅሽን ከሥራ የሚቆጥርልሽም የለም። ደብዳቤሽ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን መልስ የምጽፈው ለባለቤትሽ ነበር።

ግን እዚያ አላበቃም። ስለ ቀለም ዓይነቶች በምታስረጂበት ገጽ መሐል እንዲህ የሚል አለ፦ «ያኛውን ግድግዳ ደንበኛው ስላጣደፈኝ ልስኑ ሳይደርቅ ቀባሁት። ቀለሙ አብጦ ተላጠ። በራሴ ወጪ እንደገና ሠራሁት። ለዚያ የአዲሱን ደንበኛ ቀብድ ተጠቀምኩ። ባለቤቴ ይህን አያውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገውም።» ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስመር ወደ ባለቤትሽ ንቀት ይመለሳል። ከአራት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ይህ ጉዳይ የተሰጠው ቦታ ይቺው ናት።

እኔ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። የተላጠ ግድግዳ ምን እንደሚያስከትል ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። በልስኑ ውስጥ የቀረው ውኃ መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል፤ ጨውም ይዞ ይወጣና ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ይተዋል። ያንን ሁሉ እስከ ልስኑ መፋቅ፣ እንዲደርቅ መጠበቅ፣ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን መሠረት) መቀባት፣ ከዚያ ሥዕሉን ከሀ መጀመር ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ቀለም፣ ሁለት ጊዜ የመወጣጫ ኪራይ፣ ክፍያው ግን አንድ ጊዜ። የተጠቀምሽበት ቀብድ የሦስት ወር የቤት ኪራይ እንደሚያህል ጽፈሻል። የአዲሱ ግድግዳ ቀለም ገና አልተገዛም፤ የመጀመሪያው ቀን ግን እየቀረበ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጮህ የጀመርሽው መቼ ነው? ደብዳቤሽን ሳነብ በቀጥታ የምረዳው «እቤት ናት» ካለ በኋላ እንደሆነ ነው። የጻፍሻቸውን ቀኖች በተርታ ስደረድራቸው ግን ሌላ ነገር ይታያል። ጥያቄውን ከተጋባችሁ ጀምሮ ሲጠይቅሽ ኖሯል፤ አንቺም ለዓመታት ስትመልሺለት ቆይተሻል። ለመጀመሪያ ጊዜ የጮህሽበት ማታ፣ ራስሽ እንደጻፍሽው፣ «ቀኑን ሙሉ ስፍቅ ውዬ በገባሁበት ሳምንት» ነው። ከጓደኞቹ ጋር የነበረው ወሬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄው ያው የድሮው ጥያቄ ነው። የተለወጠው የምትሰሚበት ጆሮ ነው።

ሔለን ብሎክ ሉዊስ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ሥራ በጸጸትና በሀፍረት መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቃ አሳይታለች። የተጸጸተ ሰው የሚያስበው ስላደረገው ነገር ነው። ያፈረ ሰው ግን የሚያስበው ስለ ራሱ ማንነት ነው። ከእሷ በኋላ ጁን ታንግኒ እና ባልደረቦቿ ለዓመታት ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት፣ ጸጸት ሰውን ወደ መናዘዝና ወደ መጠገን ሲገፋው፣ ሀፍረት ግን ወደ መደበቅ ይገፋዋል፤ መደበቁ ሲያቅተው ደግሞ ወደ ቁጣና ሌላውን ወደ መውቀስ። በምክር ክፍሌ ውስጥ ይህን የማላይበት ሳምንት የለም። የሚጮኸው ሰው ብዙ ጊዜ የተናቀው ሳይሆን ያፈረው ነው፤ ራሱ ግን የተናቀ ይመስለዋል።

እህቴ፣ ያልደረቀ ልስን ላይ መቀባት ስሕተት ነው፤ ደንበኛ ሲያጣድፈው እንዲህ ያደረገ ባለሙያም አንቺ ብቻ አይደለሽም። ስሕተቱ የአንድ ግድግዳ ነው። አንቺ ግን ከግድግዳው አውጥተሽ ራስሽ ላይ ለጥፈሽዋል። ይህን ከየት አመጣሁት? «ቢያውቅ ኖሮ ‹ድሮም ይሄ ሥራ አይደለም ብዬሽ ነበር› ይለኛል» ብለሻል። እንዲህ ብሎሽ ያውቃል ወይ ብዬ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች ፈለግሁ። አንድም ቦታ የለም። ቃሉ ያንቺ ነው። «ይሄ ሥራ አይደለም» የሚል ድምፅ ውስጥሽ አለ፤ ግድግዳው ከተላጠ ወዲህ በርትቷል። ባልሽ «ዛሬ ሥራ ነበረሽ?» ሲል የምትመልሺው ለዚያ ድምፅ ነው። እሱ ግን ፊትሽ ቆሟልና ጩኸቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

እስቲ ለአንድ ማታ እሱ በሚያውቀው ልክ ብቻ እይው። ሚስቱ «አለቀ» ካለችው ግድግዳ የልስን አቧራ ለብሳ ትመለሳለች። ይገባል የተባለ ገንዘብ አልገባም። ስትጠየቅ ዝም ትላለች። አንድ ነገር እንዳልገጠመ ያውቃል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚነግረው የለም። ስለዚህ የለመዳትን አንዷን ጥያቄ ይጠይቃል። ስትዘጊው ነገ መልሶ ይጠይቃል፤ ሲጠይቅ ደግሞ የባሰ ትዘጊዋለሽ። እኔ በጥያቄው ውስጥ ንቀት አለመኖሩን ልምልልሽ አልችልም፤ የእሱን ወገን አልሰማሁም። ፍርሃት እንዳለበት ግን በጣም እጠረጥራለሁ።

አንድ ሌላ ነገር። በክስ መልክ የጻፍሽው ታሪክ አለ፦ ንድፉን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ባሳረፍሽበት ማታ «ሰዓቱን እያየ አሳቀቀኝ» ብለሻል። ፕሮጀክተር የሚሠራው ጨለማ ውስጥ ነው። ስለዚህ ባልሽ የመጣው የራሱን ሥራ ውሎ፣ ማታ ነው። አንቺ በጠመኔ መስመሩን ስትከተዪ፣ እሱ መሣሪያውን እያስተካከለ፣ ማራዘሚያውን ገመድ እየያዘ ቆሞልሻል። ሰዓቱን ማየቱን ጻፍሽልኝ፤ መምጣቱን ግን የጻፍሽው ሳታስቢው ነው። ምናልባት ደክሞት ይሆናል፣ ምናልባትም ልጁን የተወበት ሰዓት አሳስቦት። ሥራሽን የናቀ ሰው ግን እንዲህ ያለ ማታ አያሳልፍም ባይ ነኝ።

የትዳር ተመራማሪው ጆን ጎትማን በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተጋቢዎችን ከባልደረቦቹ ጋር ሲያጠና የተመለከተው ትልልቁን ጠብ ብቻ አይደለም። አንዱ ለሌላው የሚወረውራትን ትንሽ ቃል፣ ጥያቄ፣ «ይሄን አየሽው?» የምትል ወሬ ጭምር ነው። ከ6 ዓመት በኋላ በትዳር የቆዩት ለእንዲህ ያለችው ጥሪ 86 በመቶ ያህል ጊዜ ምላሽ ይሰጡ የነበሩ ሆነው ተገኙ፤ የተፋቱት 33 በመቶ ያህል። ቁጥሩን ትዳርሽን እንድትለኪበት አላመጣሁትም። «ዛሬ ሥራ ነበረሽ?» የምትለዋ ጥያቄ፣ ያማረች ባትሆንም፣ በር ማንኳኳት ልትሆን እንደምትችል እንድታስቢበት ነው።

አሁን ቅር ሊልሽ የሚችለውን ልናገር። «ማወቅም አያስፈልገውም» ያልሽውን አልቀበልም። አዲሱ ደንበኛ ነገ ውሉን አፍርሶ ቀብዴን መልሺ ቢል የሚከፈለው ከዚያው ቤት ነው። ባልሽ የማያውቀው ዕዳ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ከዚህ በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሥራዬን አያይልኝም ትያለሽ፤ የሥራሽን ግማሽ ግን የደበቅሽው አንቺ ነሽ። የተበላሸ ግድግዳ፣ የዘገየ ክፍያ፣ ከአንዱ ተወስዶ ለሌላው የዋለ ቀብድ፣ ያስለቀሰ ደንበኛ፣ እነዚህ ራሱን ቀጥሮ የሚሠራ ሰው ዋና ሥራዎች ናቸው። አንቺ ለባልሽ ያሳየሽው ያለቀውን ሥዕል ነው። ያለቀ ሥዕል ያየ ሰው ያምራል ይላል፤ መሐሉን ያላየ ሰው ግን ሌላውን ቀን ሁሉ ዕረፍት ይመስለዋል። «እሷ እቤት ናት» ማለቱ ጥፋት ነው፤ ከእሱ ጥፋት በፊት ግን አንቺ ያላሳየሽው ብዙ ነገር ነበር። ይህን የምልሽ ጥፋቱን ወዳንቺ ለማዞር አይደለም። የምትፈልጊው ክብር የሚመጣው የምትፈሪው ነገር ከታየ በኋላ ስለሚመስለኝ ነው።

ምን ታድርጊ? ከሩቅ ሆኖ መምከር ልኩ ትንሽ ነው፤ አንቺ ቤትሽን ታውቂያለሽ። ቢሆንልሽ ዕዳውን አንድ ወረቀት ላይ ጻፊው፦ ከማን ስንት ተቀበልሽ፣ በምን ላይ ዋለ፣ ለአዲሱ ግድግዳ ስንት ይጎድላል። ጥያቄውን በጠየቀበት ሰዓት አትንገሪው፤ ያን ሰዓት ሁለታችሁም ለጠብ ተዘጋጅታችኋል። ልጁ በሌለበት፣ ሁለታችሁም በማትቸኩሉበት ጊዜ፣ መጀመሪያ የሆነውን፣ ከዚያ ምክንያቱን ንገሪው። በዚያው ንግግር ላይ «አንተም ለጓደኞችህ እንዲህ ብለህ ነበር» አትበይ። ያ ቅሬታ የራሱ ቀን ይገባዋል፤ ዕዳውን ከተናገርሽ በኋላ ደግሞ ስታነሺው እጅሽ ንጹሕ ነው። ደንግጦ ዝም ቢል ወይም ቢቆጣ ጥቂት ቀን ስጪው። አንቺ ይህን ለወራት ይዘሽው ኖረሻል፤ እሱ በአንድ ማታ እንዲውጠው መጠበቅ ይከብዳል።

ከአዲሱ ደንበኛ ጋርም ሥራው የሚጀመርበት ቀን ሳይደርስ መነጋገሩ የሚሻል ይመስለኛል። ወደፊት ደግሞ የቀብዱ ገንዘብ ለዚያው ግድግዳ ቀለም እስኪገዛ ድረስ ከቤቱ ገንዘብ ተለይቶ ቢቀመጥ ብዙ ጭንቀት ይቀንስልሻል።

ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችሁ ሆናችሁ የትዳር አማካሪ ፊት ለፊት ብታገኙ እመክራለሁ። እኔ ያየሁት አንድ ደብዳቤ ነው፤ አማካሪው ሲጠይቅሽ የሱን ፊት፣ ሲጠይቀው ያንቺን ፊት ያያል። በደብዳቤሽ ምልክቱን ባላይም፣ ቁጣው ለደኅንነትሽ የሚያሰጋሽ ዓይነት ከሆነ ግን ምንም ሳትነግሪው መጀመሪያ ብቻሽን አማካሪ ጋር ሂጂ። ካልሆነ ቀብዱን አስቀድመሽ እቤት ንገሪው እንጂ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በማያውቀው ሰው ፊት እንዲሰማው አታድርጊ።