ፎርሙላ ዋን የማን ነው? ማኪያቶ ያስያዘ ክርክር

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እኔና ጓደኛዬ የመኪና ውድድሩ ፎርሙላ ዋን አያመልጠንም፣ ባለፈው እሁድ ግን ልንጣላ ምንም አልቀረን። እሱ ውድድሩ የዓለም አቀፉ የመኪና ስፖርት ፌዴሬሽን፣ የኤፍአይኤ ነው ይላል፣ እኔ ደግሞ አሜሪካኖቹ ሊበርቲ ሚዲያ ገዝተውታል ባይ ነኝ። ማኪያቶ ተወራርደናል፣ ማን ይክፈል? ደሞ የሞተርሳይክል ውድድሩን ሞቶጂፒንም ገዙት የሚባለው እውነት ነው እንዴ?
አንባቢያችሁ ከሀዋሳ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ሂሳቡን ለሁለት ክፈሉት፣ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። ነገሩ ልክ እንደኛ የመሬት ሊዝ ነው፣ መሬቱ የመንግስት፣ ፎቁና ኪራዩ ግን የባለሊዙ። ሻምፒዮናው የኤፍአይኤ ነው፣ ህግ የሚያወጣውም መኪናውን የሚፈትሸውም እሱ ነው፣ ብሩ ግን፣ ማለትም የቲቪ መብቱ፣ ከተሞች ውድድር ለማዘጋጀት የሚከፍሉት፣ የስፖንሰሩ፣ በሊበርቲ እጅ ነው የሚያልፈው።

ሊዙ ደሞ ቀልድ እንዳይመስልህ። 2001 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ኤፍአይኤ የንግድ መብቱን ከ2011 እስከ 2110 ድረስ ለ100 ዓመት ሰጠ፣ የተቀበለውም ከ300 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ያለ ነው። አካፍለው እስቲ፣ ለዓመት 3 ሚሊዮን ገደማ! ዛሬ አንድ ደህና ሹፌር ከዚያ በላይ ደሞዝ ይበላል። የአውሮፓ ኮሚሽን ህግ አውጪው ራሱ ነጋዴ መሆን የለበትም ብሎ ስለያዛቸው ኤፍአይኤ ከንግዱ እጁን ማውጣት ነበረበት፣ መብቱን የተቀበለው ደሞ በርኒ ኤክልስተን ይመራው የነበረ ኩባንያ ነው። ሰውዬው ለንደን ያገለገለ ሞተርሳይክልና መኪና ይሸጥ የነበረ ነጋዴ ነው፣ ብራብሃም የሚባለውን ቡድን ገዛና ሌሎቹ ባለቤቶች ስለ ሞተር ሲጨነቁ እሱ ሁሉንም ወክሎ ከአዘጋጆችና ከቲቪዎች ጋር መደራደር ያዘ፣ በዚያው የጨዋታው ጌታ ሆኖ ቀረ።

ከዛ ወዲያ የኩባንያው ድርሻ እንደ ኮንዶሚኒየም እጅ በእጅ ዞረ፣ አብዛኛውን የያዙት ጀርመኖች ከሰሩ፣ ባንኮች ወረሱት፣ 2006 ላይ ሲቪሲ የሚባል የኢንቨስትመንት ድርጅት ጠቀለለው፣ ጥር 2017 ላይ ሊበርቲ ከነዕዳው 8 ቢሊዮን ዶላር ገምቶ ወሰደው፣ በርኒም ያኔውኑ ከወንበሩ ተነሳ።

ታዲያ ማን ይበልጣል ካልከኝ ወደ ውድድሩ ለመግባት የጠየቀውን የአሜሪካ ቡድን፣ አንድሬቲን ተመልከት። ጥቅምት 2023 ኤፍአይኤ መስፈርቱን አሟልታችኋል ግቡ አላቸው፣ ጥር 2024 ላይ የንግዱ ወገን ለውድድሩ የምትጨምሩት ነገር የለም ብሎ በሩን ዘጋ። ባለመሬቱ ፈቀደ፣ ባለሊዙ ከለከለ፣ በቃ። 10 ቡድን ይካፈለው የነበረውን ብር ለ11 ማካፈል ማን ይወዳል፣ መቼስ። በኋላ ጄነራል ሞተርስ በካዲላክ ስም ሲመጣ ግን ለ2026 ተፈቀደ። እዚች ጋ ጓደኛህ የተሸነፈ ይመስለኛል፣ ግን እንዳትነግረው።

ሞቶጂፒ፣ አዎ እውነት ነው። ሐምሌ 2025 ላይ ሊበርቲ ውድድሩን የሚያስተዳድረውን የስፔኑን ዶርና 84 በመቶ ወሰደ። የሚገርመው፣ 2006 ላይ ሲቪሲ ፎርሙላ ዋንን ሊገዛ ሲል በእጁ የነበረውን ይሄንኑ ዶርናን ሽጥ ያለው የአውሮፓ ኮሚሽን አሁን ሊበርቲን ያለምንም ቅድመ ሁኔታ አሳልፎታል።